ያልሄድኩበት ለቅሶ

ኮምቦልቻ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድምዓለሜ ለጁነይድ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

አፊያህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመምስ ለቀቀህ? መጋዘን ውስጥ ከባድ ዕቃ ብቻህን አታንሳ ብዬህ ነበር። እንደማትሰማኝ ባውቅም አሁንም እላለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ብለህ ስትስቅ ይታየኛል። እስቲ አስበው፤ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው እማዬ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀላችን ታስቀምጠዋለች፤ እኔም "ደህና ነኝ፣ መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፣ በርታ" ብዬ እጨርሳለሁ። በእሷው ስልክ በቴሌግራም ብጽፍልህ ደግሞ አንተ መጻፍ ስለማይሆንልህ መልሱን በድምፅ ትልከዋለህ፤ ያንተ ድምፅ እንኳን ከዚህ ቤት ከጎረቤትም ያልፋል። ስለዚህ የሐርቡው ዘይኑልአቢዲን ቅዳሜ ወደ ጅዳ እንደሚመለስ ስሰማ ይኸን ወረቀት ላስይዘው ወሰንኩ። ብቻህን ሆነህ አንብበው፤ ስትጨርስ ቅደደው።

እማዬ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነው። የገመዱ ጩኸት ይሰማኛል፤ እሱ ሲያበቃ እኔም ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢቆራረጥብህ አትፍረድብኝ።

አንተ የምታውቀው በስልክ የተነገረህን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ልንገርህ። እማዬ ኩላሊቷን የሰጠችኝ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ መጥተህ "የኔን ውሰዱ" እያልክ ስትለምን፣ "አንተ ገና ትዳር ይጠብቅሃል" ብላ እንዴት እንዳባረረችህ አትረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈን። ከሆስፒታል ስንወጣ የነገሩን ነገር ከባድ አልነበረም። ሰውነቴ የእሷን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጣላው፣ አቅሙን የሚያደክም መድኃኒት ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ። አቅሙ ሲደክም ደግሞ ሌላ ሰው በሦስት ቀን የሚረሳው ጉንፋን እኔን አልጋ ላይ ሊጥለኝ ይችላል። "የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሰው ራቅ በይ፤ ከዚያ በኋላ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ" አሉኝ። እማዬ የፊተኛውን ሰማች። የኋለኛውን አልሰማችም።

አራተኛው ወር ላይ ያ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዘኝና ደሴ ዐሥር ቀን ተኛሁ፤ ይኸን ነግራሃለች። ዶክተር ጸጋው ኩላሊት የተቀየረለት ሰው ላይ ይኸ የተለመደ ነው ቢላትም እሷ "ጠያቂ ነው ያመጣብሽ" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ደጃፋችንን አልረገጠም። ያገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፤ የታመመ ካልጠየቀ እንቅልፍ አይወስደውም። ወተቱንና ሙዙን ይዘው ሲመጡ የግቢው በር ላይ ቆማ ትቀበላቸውና "ዱዓችሁን ከዚሁ አድርጉ፣ አላህ ይሰማል" ብላ ትመልሳቸዋለች።

በዓመቱ ትምህርት ቤት ተመልሼ አንድ መንፈቅ አስተምሬ ነበር። ሦስተኛ "ሐ"ን ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ጁነይድ፤ በጠመኔ የነጣ እጄን ሳልታጠብ ወደ ቤት እመጣ ነበር። ከዚያ ጎኔ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ። ዶክተሩ ለእማዬ ሊያስረዳት ግማሽ ቀን ለፋ። "ይኸ በልጅነቷ ከያዛት የውሃ ፈንጣጣ የቀረ ነው፤ እዚያው ሰውነቷ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ አቅሟ ሲደክም ተነሳ። ከማንም አልመጣባትም" አላት። "እሺ ዶክተር" አለች። መኪና ውስጥ እንደገባን "እነዚያ ልጆች ናቸው" አለችኝ። ትምህርት ቤቱም እንዲህ ሆኖ ቀረ።

የሳንባ ምች የያዘኝ ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛው ነፋስ ሆነ። በነጋታው መዶሻና ሚስማር ይዛ መጣችና በመንገዱ በኩል ያለውን የክፍሌን መስኮት ከውጭ ቸነከረችው። ባጃጆቹንና ከፈረቃ የሚወጡትን የፋብሪካ ሠራተኞች የማይበት መስኮት እሱ ነበር። እኔ ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሚስማር ሲመታ እሰማለሁ። ምንም አላልኩም። ገበያ ስትሄድ የግቢውን በር ከውጭ መቆለፍ የጀመረችውም ያኔ ነው።

ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። አፌን ልከፍት ስል የጎኗ ጠባሳ ይታየኛል። ከገላዋ ቆርሳ የሰጠችህን ሰው በምን አፍህ "ተይኝ" ትላታለህ? ጠልቶ የቆለፈብህን ሰው በሩን ትሰብርበታለህ። ወዶ የቆለፈብህን ምን ታደርገዋለህ? ለሰው ሁሉ ስለ እኔ ስታወራ "ኩላሊቴ" ነው የምትለው። "ኩላሊቴን ብርድ እንዳይመታብኝ"፣ "ኩላሊቴ ምሳዋን በላች"። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። በኋላ ብቻዬን ስሆን ግን እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ እላለሁ።

ነሐሴ ላይ የጎረቤታችን የእትዬ አረጋሽ ወንድም አግማስ ሞተ። እትዬ አረጋሽን እንዴት ብዬ እነግርሃለሁ፤ እኔና እማዬ በአንድ ቀን ቢላ ስር ስንገባ ወለል ላይ ጋቢዋን አንጥፋ ዐሥራ አንድ ቀን ያስታመመችን ሴት ናት። ድንኳኑ እኛ በር ላይ ተተከለ። "አፌን ሸፍኜ አምስት ደቂቃ ብቻ ልቀመጥ" ብዬ እማዬን እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። እምቢ አለች። በሩን ቆልፋ ሄዳ ለሁለታችንም አለቀሰች። እኔ በተቸነከረው መስኮት በኩል ጆሮዬን ሰጥቼ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ስትል እየሰማሁ አንተን አስብ ነበር። ከዚያ በኋላ እትዬ አረጋሽን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

መስከረም ገባና ማታ ማታ ትኩሳት ጀመረኝ። ላብ አንሶላዬን ያረጥበዋል፤ ቀለበቴ ከጣቴ ይወልቃል። ጥቅምት ላይ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ደሴ ሄድን፤ አክታዬን ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ሲስተር ጽናት የምትባል ነርስ ጠርታ ለብቻችን አስቀመጠችን። ልጅ እግር ናት፤ ንግግሯ ግን የሽማግሌ ነው።

"ፈትሂያ፣ ቲቢ ነው" አለችኝ። "የሳንባ ነቀርሳ። መድኃኒት አለው፤ ይድናል። ያንቺን ከባድ የሚያደርገው ኩላሊትሽ ብቻ ነው።"

እማዬ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። "ከየት? ከየት መጥቶ? ይቺ ልጅ እኮ ሰው አታይም!"

"እሱን ነው የምጠይቃችሁ" አለች ሲስተር ጽናት። "ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?"

"ማንም የለም" አለች እማዬ። "እኔና እሷ ብቻ ነን። ማንም—"

ቃሉን አልጨረሰችውም። ሳል መጣባት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ልታፍነው ታገለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያ ጊዜ እንዴት ረዘመ! ሲስተር ጽናት እሷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔም በዚያች ደቂቃ ነው ያየሁት። ከሐምሌ ጀምሮ ያ ሳል ቤታችን ውስጥ ነበር። "አቧራ ነው"፣ "የበርበሬ ሽታ ነው"፣ "ብርድ ነው" ስትል ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ግን እናቴን አልጠረጠረም።

ፊቷን ብታየው ጁነይድ። ከረጅም ደረጃ ላይ ልትወድቅ ያለች ሴት ፊት ነበር።

ሳላስበው አፌ ተናገረ። "ለቅሶ ሄጄ ነበር" አልኩ።

"ምን?" አለች እማዬ።

"የእትዬ አረጋሽ ለቅሶ። በሠልስቱ፣ አንቺ መድኃኒት ልታመጪልኝ ደሴ የመጣሽ ቀን። ክረምቱ በጣለው አጥር በኩል፣ በጓሮ ሄድኩ። ሰው ሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ክፉኛ ያስሉ ነበር።"

ወላሂ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ድንኳኑን አየሁት። ዝናብ የጠጣውን ሸራ፣ ጥግ ላይ የተደረደሩትን የዕድር ወንበሮች፣ የሽማግሌውን ካፖርት ሳይቀር አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ወጥቼ የሄድኩት ከሐኪምና ከአንድ መንፈቅ ትምህርት ቤት ሌላ ወደዚያ ውሸት ብቻ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ተመለስን። መኪናው ሐረጎን ሲወርድ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ እማዬ ድንገት "የኔን ኩላሊት ይዘሽ ለቅሶ ቤት!" ብላ ጮኸች። ሾፌሩ እንኳ ዞሮ አየን። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

እንደደረስን ቤት አልገባችም፤ ቀጥ ብላ የእትዬ አረጋሽን በር መታች። እኔ ከኋላዋ አፌን ሸፍኜ ቆሜአለሁ። እትዬ አረጋሽ ጥቁር ለብሳ ወጣች።

"አረጋሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ በሠልስቱ ለቅሶሽ ላይ መጥታ ነበር?"

እትዬ አረጋሽ ከጭንብሉ በላይ ዓይኔን አየች። እንዴት እንደለመንኳት አላውቅም፤ ያለኝ ዓይን ብቻ ነበር።

"መጥታለች የጁነይድ እናት" አለች ቀስ ብላ። "በሩ ሥር ነው የተቀመጠችው። 'ተይ ልጄ፣ ሂጂ' ብዬ እኔው ነኝ የመለስኳት። እንዳትቆጫት ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

በነጋታው እማዬ የጓሮውን አጥር በቆርቆሮ አስደፈነችው። የቀረችኝን ክፍተት የዘጋሁት እኔው ነኝ።

እትዬ አረጋሽ በሳምንቱ እማዬ ወፍጮ ቤት ስትሄድ በቆርቆሮው ስንጥቅ ጠራችኝ። "በስመአብ! ምን ብለሽ ነው ያስዋሸሽኝ? ለንስሐ አባቴ ምን ልበላቸው?" አለች። ነገርኳት። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠና "ልጄ፣ ቀርተሽብኝ አዝኜ ነበር፤ አልዋሽሽም" አለች። "እንግዲህ መጥታለች ብያለሁ። መጥተሻል።" ቆርቆሮውን ተደግፌ አለቀስኩ። እሷም በዚያኛው በኩል የምታለቅስ መሰለኝ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ ቀላል ነበር። እናቴ ሳታውቅ ነው የታመመችው፣ ሳታውቅ ነው ያስያዘችኝ፣ ብታውቅ ትሞታለች ብዬ ሸክሙን ወሰድኩላት። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም አንድ ነገር ሰጠኋት ብዬ።

ከዚያ አክስታችን መርየም ደወለች። እማዬ ስልኩን ቻርጅ ላይ ትታ ወጥታለች፤ አነሳሁት። ረመዳን ላይ አክስቴ ሐርቡ ታማ፣ እማዬ ዐሥር ቀን ያህል ጠዋት እየሄደች ማታ እየተመለሰች ስታስታምማት እንደነበር ታውቃለህ። ብርድ ነው ተብሎ ነበር።

"ፈትሂያዬ፣ አላህ ያሽርሽ። እናትሽስ ተመረመረች?" አለች።

"ምኑን አክስቴ?"

"ሳሉን ነዋ። እኔ ከግንቦት ጀምሮ የቲቢ መድኃኒት ላይ አይደለሁም? 'አንቺም አስታመሽኛልና ተመርመሪ፣ ቤትሽ ውስጥ አቅም የሌላት ልጅ አለች' ብዬ ሐምሌ ላይ ነግሬያት ነበር። 'ቢገኝብኝ ከልጄ ይለዩኛል፤ ማን ያያታል?' አለችኝ። አልነገረችሽም እንዴ?"

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም። ገባህ ጁነይድ? ጠያቂ ተከለከልኩ፣ ተማሪዎቼን ተከለከልኩ፣ አየር ተከለከልኩ፤ በሽታው ግን ቁልፉን ከያዘችው ጋር አንድ ቤት ውስጥ አብሮኝ ይተኛ ነበር። ክፍሏ ገባሁ። ፍራሿን ገለበጥኩት። ከሥሩ አራት ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች አገኘሁ፤ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ስትገባ እንድታያቸው ነው። ምን እንደምላትም ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለእናት የማይባል ነገር ነበር።

ከግቢው በር ውጭ ሳል ሰማሁ።

እማዬ ናት። ቁልፉን አልከፈተችም። ውጭ ቆማ ታስላለች። ወጥቼ በግቢው በር ቀዳዳ አየኋት። ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇን የጎኗ ጠባሳ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ታስላለች። ያስላታል፤ ታርፋለች፤ እንደገና ያስላታል። ሳሉ ተሟጦ እስኪያልቅ ነው የምትጠብቀው። ቤት ስትገባ እንዳይሰማኝ። ስንት ጊዜ እንዲህ ደጅ ቆማ እንደሆን ማን ያውቃል። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጠረገች፣ ፊቷን አስተካከለች፣ ቁልፉን አወጣች።

ሮጥኩ። ጠርሙሶቹን አፍሼ በጨርቃቸው ጠቅልዬ ፍራሹ ሥር መለስኳቸው። ስትገባ አልጋዬ ላይ ነበርኩ።

"ምን ያስለከልክሻል?" አለችኝ።

"ሕልም አየሁ" አልኳት።

በነጋታው ከእትዬ አረጋሽ ስልክ ተውሼ ለሲስተር ጽናት ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ክፍሉ ውስጥ ያንን ሳል የሰማች ቀን ገብቷት ነበር፤ የቤተሰብ ምርመራ ቀን ቆርጣ ትጠብቀን ኖሯል። "ማን ከማን ያዘው የሚለውን እኔ አልናገርም" አለችኝ። "መታከሟን ግን አልተውም። እየዋለ ባደረ ቁጥር ሁለታችሁንም ይጎዳል።" በሳምንቱ ለሥራ ኮምቦልቻ ስትወርድ ቤታችን መጣች። እማዬ የግቢውን በር ከፈተችላት፤ ሐኪም አይመለስም።

"እናቴ፣ አብረው ስለሚኖሩ እርስዎም መመርመር ግድ ነው" አለቻት። እማዬ እምቢ ትላለች ብዬ ስፈራ ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች። አክታዋ ላይ ተገኘባት።

"ከእሷ ነው የያዘኝ ማለት ነው?" አለች፣ እኔን ሳታይ።

"አብራችሁ ነው የምትኖሩት እናቴ" አለች ሲስተር ጽናት።

ሰፈሩ ሁሉ አሁን የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እማዬ ራሷ በር ላይ ቆማ "ኩላሊት ሰጠኋት፣ ሳል መለሰችልኝ" ስትል ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም ከውስጥ ሆኜ ስሰማ ሳቄ መጣ።

ሲስተር ጽናት የመጣች ቀን ክፍሌ ገብታ መስኮቱን አይታ ደነገጠች። "ይኸን ማን ቸነከረው? ይኸ በሽታ የሚሸሸው አየርና ፀሐይ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ካሳለ ሌላው የሚተነፍሰው ያንኑ ነው" አለች። ማንንም አላየችም ስትናገር። እማዬ ወጥታ መዶሻውን አመጣችና ሚስማሮቹን በጥፍሩ እየነቀለች ማውጣት ጀመረች። ነርሷ ላግዝዎት ብትላት በክንዷ ገፋቻት። አንዱ ሚስማር ተሰብሮ ቀረ፤ እሱንም በጉጠት ታግላ አወጣችው፤ አውራ ጣቷ ደማ። መስኮቱ ሲከፈት አቧራውና ብርሃኑ አንድ ላይ ገቡ። እማዬ ግን ከውጭ በኩል ቆማ ቀረች። ከሰዓት በኋላ እስከ ዐስር ሰላት ድረስ ቤት አልገባችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ "ኩላሊቴ" የሚለውን ቃል ከአፏ አልሰማሁም። "ፈትሂያ" ነው የምትለኝ። መዋሸቴን ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ብዙ አሰብኩ፤ አልደረስኩበትም። ብጠይቃት አንዳችን እንወድቃለን። ስለዚህ እሷ ቆርቆሮ አጥሯን ትጠብቃለች፣ እኔ ለቅሶዬን እጠብቃለሁ።

አሁን ሁለታችንም ጠዋት ጠዋት ያንን ቀይ ክኒን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንውጣለን። እሷ እየዳነች ነው አልሃምዱሊላህ፤ ሳሏ ቀንሷል፣ መብላት ጀምራለች። የኔ ትኩሳት ለቆኛል። ግን አንድ ነገር ላንተ ብቻ ልንገርህ። ይኸ የቲቢ መድኃኒት የኩላሊቱን መድኃኒት ኃይል ይበላዋል። ዶክተር ጸጋው "ሁለት የማይስማሙ በሬዎች ጠምደናል" አለኝ፤ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይጎትታል። የኩላሊቱን መድኃኒት መጠን ከእጥፍ በላይ ጨምሮልኛል። ልኩን የሚያሳየው የደም ምርመራ አዲስ አበባ ይላካል፤ መንገዱ የተዘጋ ሳምንት ውጤቱም እዚያው ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ የኩላሊቴን ድካም የሚያሳየው የደም ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘ። ገና ክፉ አይደለም። ሁለት ወር እንይ ብሎኛል። ለእናቴ እንዳትነግራት ብዬዋለሁ። እሷ ሁሌ ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ፊቴን ነው የምታነበው፤ ፊቴን መሥራት ለምጃለሁ።

አንዳንድ ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ወጪ ወራጁን አያለሁ። የሦስተኛ "ሐ" ልጆች አሁን አራተኛ ሆነዋል፤ አንዷ ከመንገድ አይታኝ እጇን አወዛወዘችልኝ። በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው። ድሮ የተቆለፈው ስለምትሳሳልኝ ነበር፤ አሁን ስለማታምነኝ ነው። ላልሄድኩበት ለቅሶ ታስሬአለሁ። ወጣ ልል የምችለው ያንን አንድ ቃል ከተናገርኩ ነው፤ እሱን ደግሞ አልናገረውም።

እንግዲህ የምለምንህ ይኸን ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደውል። ስፒከሩ ይከፈታል፤ ተቆጣኝ። "ስንት ዓመት የለፋንብሽን በአንድ ለቅሶ!" በለኝ። እንደ ልጅነታችን ጩህብኝ። ከዚያ ለእሷ "እማዬ፣ ከፈትሂያ ያዘሽ አይደል፣ አይዞሽ" በላት። እባክህ ስለ ሳሏ መቼ እንደጀመራት አትጠይቃት። ስለ አክስቴም አታንሳ። እኔ ባለቅስ አትደንግጥ፤ አታባብለኝ። አንተ ከተቆጣኸኝ ነገሩ ይዘጋል፤ እሷም ማታ ትተኛለች።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። እማዬ ገባች። ከተከፈተው መስኮት ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ተቀመጠች።

"ለጁነይድ ነው?"

"አዎ።"

"ምን ትይዋለሽ?"

"ይቅርታ እየጠየቅሁት ነው። ስለ ለቅሶው።"

ራሷን ነቀነቀች። "እኔ አፉ ብያታለሁ ብለሽ ጻፊለት" አለች። ይኸው ጻፍኩልህ። ከዚያ ጣቷ ላይ የቀረውን የሚስማር ጠባሳ ነካካች።

"አንቺስ?" አለችኝ። "አንቺ አፉ ብለሻል?"

"ማንን እማዬ?"

ተነስታ ወጣች። አሁን ወጥ ቤት ናት፤ ዕቃ ስታንቀሳቅስ ይሰማኛል፤ እያለቀሰችም ይሁን እያሳለች መለየት አልቻልኩም።

ቢሆንም ዓርብ ደውል። ሳትራራ ተቆጣኝ።

ጀሊሉ ከሰው አገር ክፉ ይጋርድህ። ጉልበትህን አይንሳህ፣ እንጀራህን በሰላም ያብላህ። ሦስታችንንም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በጤና፣ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን። አሚን በል።

እህትህ
ፈትሂያ